አበልጅ ልሁንዎ ያለኝ የአገሬ ልጅ

ከጎንደር የወጣን ማታ ዝናብ ነበር። መሪያችን የአዘዞ ልጅ ነው፤ እናቱን ስለማውቃት ብቻ ነፍሳችንን በእጁ ሰጠነው። እሱም አላሳፈረን፣ የራሱ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ውሃውን ለልጆቼ እየሰጠ ሱዳን አስገባን። ከዚያ ወዲህ «የአገርሽ ልጅ ነኝ» ላለኝ ሁሉ በሬን እከፍታለሁ። ቶሮንቶም ይዤው የመጣሁት ይህንኑ ጠባይ ነው።

እዚህ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ሽንኩርቱ ውሃ ብቻ ነው፣ ቁሌት አይሆንም፤ ሰዉ ግን ሰላም ነው፣ ገላምጦም አያይሽ። ባለቤቴ ሬክስዴል ፋብሪካ ይሠራል። እኔ ብሉር ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ ከሥሯ ቤዝመንት ያላት። እግዜርም በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ልጅ ጨመረልኝ።

ጌታሁን የመጣው ያኔ ነው። የእትዬ በላይነሽ ልጅ፣ የጎንደር ሰፈራችን ልጅ፣ ጥሩ ካፖርት ለብሶ።

«እትዬ ስንዱ፣ አርባ ቀኑ ሲደርስ የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። አበልጅ ልሁንዎ» አለኝ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሊወጣ ሲል ግን ዘወር አለና፣ «ቤዝመንትዎ ውስጥ ደግሞ ካርቶን ቢጤ አስቀምጣለሁ» አለኝ።

«የምን ካርቶን?»

«ሲጋራ ነው። ታክስ ያልነካው። በአበልጅ መሀል ምን ጥያቄ አለ?»

በማግስቱ ያከራዩን ጣልያን፣ ሽማግሌው ሚስተር ሮኮ መጡ። በርበሬው አስነጠሳቸው።

«ሲኞራ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታቃጥዪ ነው፣ ቤቴን?»

እንግሊዝኛዬ ስብርብር ነው፤ የሳቸውም ከኔ አይሻልም። ግን መኪና ስል፣ ጎማ ስል፣ ፋብሪካ ስል ይገባቸዋል። «እንግሊዝኛሽ ጣልያንኛ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። የጌታሁንን ነገር ከነካርቶኑ ኮራ ብዬ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ።

«ድሮ፣ አጎቴ ኒውዮርክ ሳለ የመንደሩ ሰዎች መጡበት» አሉ። «ለልጁ የክርስትና አባት ሆኑ። ከዚያ ዕቃ አስቀምጥልን አሉት። እምቢ ሲል ፎርኖውን አቃጠሉት።»

ፉርኖ እኛ ዘንድ ዳቦ ነው። «ታዲያ ሌላ ይጋግራላ!» ብዬ ሳቅሁ።

«ፎርኖ ዳቦ ቤቱ ነው፣ ሲኞራ። አጎቴም ውስጡ ነበር።»

የምነፋው ሽሮ ከነወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። «በገዛ ወገናቸው?»

«ወገን ነዋ! ፖሊስ እንደምንፈራ ያውቃሉ። የእናታችንን ስም ያውቃሉ። ትርፍ ሲሸታቸው ከማንም ዘር ጋር ይሻረኩ ነበር፤ አገር አገር የሚሉት እኛን ለመያዝ ብቻ ነው።»

ጌታሁን ሲመለስ ሕፃኑን አቅፌ ነበር።

«የክርስትና አባት አግኝተናል» አልኩት። «ቤዝመንቱም... ውሃ ይገባዋል።»

«ውጭው ሁሉ በረዶ ሆኖ ከየት የመጣ ውሃ ነው?» ሳቀ። የልጄን ጉንጭ በጣቱ ነካ አደረገ። ያን ቀን አንቱታውን ተወው። «ግድ የለም ስንዱ። ለእማማ ዘነቡ ሰላም በይልኝ።»

ዘነቡ እናቴ ናት።

እሁድ ጎንደር ኮል አደረግሁ። እማዬ ጎረቤት ቤት ተጠርታ መጣች፤ ደስታዋ በስልኩ ይሰማል።

«ስንዱዬ፣ የበላይነሽ ልጅ እኮ ከካናዳ ደውሎ ሰዎች ልኮልኝ ነበር! ማር ይዘው መጡ። ቤቱን ሁሉ ዞረው አዩልኝ፣ ‹እማማ፣ የጓሮው በር አይዘጋም እንዴ?› ብለው ተጨነቁልኝ። በሰው አገር እንዲህ ያለ ወገን ማግኘት መታደል ነው። አበልጅ አድርጊው፣ እምቢ እንዳትይ።»

«እማዬ፣ በሩን አሠሪው።»

«የቱን?»

«የጓሮውን። ዛሬውኑ አሠሪው።»

«ምነው ልጄ፣ ማንን ፈርቼ?» አለችኝ እየሳቀች። «ከአገር ልጅ በቀር ማን ይመጣብኛል?»