በቁመቴ የተለካው ወጥ ቤት

ዳባት ላይ አዲስ ወጥ ቤት ሳሠራ፣ «ኋላ ከመጸጸት አስቀድሞ ማቀድ!» እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ አሰልችቼ ነበር። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ፣ «መምህር፣ የመክተፊያው ጠረጴዛ ከፍታ በሰው ቁመት ይለካል። ማንን ልለካ?» አለኝ።

«አባወራው ቆሞ ማንን ልትለካ ነው?» ብዬ እንደ ዝግባ ቀጥ አልኩለት። በዕድሜዬ አንድ ሽንኩርት ልጬ አላውቅም።

በምረቃው ዕለት የንስሐ አባታችን ጠበል ረጭተው ሲጨርሱ፣ ሚስቴ ጥሩነሽ ልትከትፍ ቀረበች። ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ደረሰ። በእግር ጣቶቿ ብትቆምም አልሆነላትም። እንግዳው ሁሉ ሊያይ ተጠጋ።

ቢላዋውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። «እንካ፣ በልክህ ነው የተሠራው።»

«ኧረ በርጩማ አመጣልሻለሁ...» ስል አባ መስቀላቸውን አነሡ።

«በል ልጄ፣ እጅህን ይባርከው። ምሳው በስንት ሰዓት ይደርሳል?»