ሰላም ባዮቹ

የቡና ኬላው ጠባቂ በዚያ ሙቀት የወታደር ካፖርት ይለብሳል። ቁልፎቹ ስለረገፉ ደረቱ ላይ በሽቦ አስሮታል። ወደ ዲላ የሚሄደው አውቶቡስ ሲቆም፣ በመስኮት "ጤና ይስጥልኝ" ያለውን ተሳፋሪ ሁሉ አስወርዶ ዕቃውን በረጅም ብረት ይወጋል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የሒሳብ አስተማሪው ፈለቀ ግን ከፍስሐ ገነት ይዞት የመጣው ቆጮ ሲወጋበት አላስቻለውም።

"ጓድ፣ ምን አደረግኩ?"

"ሰላም አልከኛ። በስውር ቡና የጫነ ሰው ሰላምታ ያበዛል።"

"ዝም የሚሉትንስ ፈትሸህ ታውቃለህ?"

"ምን አድርገውኝ?"

ነገሩ ግን ጠባቂውን ከንክኖት ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈለቀ ዓይኑ እያየ ሁሉንም አስወርዶ በረበረ። ሰላም ካሉት ከየአምስቱ አንዱ ቡና ደብቋል። ዝም ካሉትም ከየአምስቱ አንዱ።

"አየህ፣ አንድ ሰው ሰላም ማለቱን ብታውቅም ባታውቅም ቡና ይዟል የሚለው ግምትህ ያው ነው" አለ ፈለቀ እየተጀነነ። "ሰላምታና ቡና አይተዋወቁም።"

ጠባቂው ብረቱን ተደገፈ።

"ታዲያ ሰዉ ምን ፈልጎ ነው ሰላም የሚለኝ?"



በሳምንቱ ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ ተተክሎለት ነበር። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ጠባቂው ቆቡን አንስቶ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ" አለ።

ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው የየራሳቸውን ጆንያ ይፈቱ ጀመር።