ሰው ያልሞተበት ድንኳን

የሺሐረግን ከልጅነቷ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እንደሷ ያለ ዘላይ ልጅ አልነበረም። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቷ ከቆመ ፉርጎ ጣሪያ ላይ እየተቆጡ ያወርዷታል፤ በማግሥቱ እዚያው ናት።

ታዲያ ይህች ሴት ወልዳ ከብዳ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስትገባ ፈሪ ሆና ቁጭ! ልጇ ዮዲ ድክ ድክ በምትልበት ጊዜ ባጃጅ ለጥቂት ስቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ተቆለፈ። ዮዲ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ የሌሎቹን ልጆች ጨዋታ ማየት ሥራዋ ሆነ።

የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ባሏ ሳህሌ፣ "ልጅቷን እኮ ብርጭቆ አደረግሻት፤ ደረጃ መውረድ እንኳ ትፈራለች" ይላታል።

"አንተማ መንገድ ላይ ነህ! ብትወድቅ የማነሳት እኔ!"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ነገሩ ሆዷን ይበላዋል። ዮዲ ትምህርት ቤት እንኳ ዥዋዥዌ ሲባል ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። "እኔ ነኝ ያስፈራኋት" ትላለች የሺሐረግ ለራሷ፣ "ግን እንዴት አድርጌ ልልቀቃት?"

በመስከረም ወር አንዱ ቅዳሜ ነው እንግዲህ። የዕድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ አደሴ፣ ክረምቱን ሙሉ ታጥፎ የከረመውን ድንኳን ፀሐይ ይምታው ብለው አወጡት። ብረቶቹን ግቢው መሐል አቆሙ፣ ገመዱን ወጠሩ፣ የሸራውን ክምር ከሥር አስቀመጡ። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው! የዕድር ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ምን ያስባል? ጎረቤቷ እትዬ ፈለቀች ደረታቸውን እየደቁ ከብሎካቸው ወጡ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። የሺሐረግም በሩን ሳትዘጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋን እያዘራች ወረደች።

"ማን ነው የሞተው?"

"ኧረ ማንም!" አሉ ጋሽ አደሴ ግራ ተጋብተው። "ድንኳኑ ነው የሻገተው!"

"ታዲያ አይናገሩም እንዴ ሰውዬ?" አሉ እትዬ ፈለቀች። "ይህን ሁሉ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?"

"ለኔ ቀን ያስቀምጡልኛ!" አሉ ጋሽ አደሴ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳይበርድ ልጆቹ ብረቱን እንደ ዝንጀሮ ወረሩት። የሺሐረግም እየሳቀች ቀና አለች። ዮዲ! ክፍት በር አግኝታ፣ ያን የምትፈራውን ደረጃ ብቻዋን ወርዳ፣ አግዳሚው ብረት ላይ ወጥታ ተቀምጣለች።

ልትጮህ አፏን ስትከፍት ጋሽ አደሴ ክንዷን ያዙ። "እንዳትጮሂ ልጄ፤ ትደነግጣለች። ሸራው ከሥሯ ነው፤ እኔም አለሁ።"

ሄደውም ከክምሩ አጠገብ ቆሙ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

የሺሐረግ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ዮዲ ወደ ታች አየች።

"እማዬ፣ ልዝለል?"

የዚያች እናት ልብ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ከአፏ የወጣው ግን ይኸው ነው፦ "ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ! ወደ ፊት እዪ! በይ ዝለይ!"

ልጅቷ ዘለለች። የሸራው አቧራ ቡን አለ፤ ከውስጡ መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ደግሞ "እንደገና!" የሚል ጩኸት ወጣ። የሺሐረግ አሁን ገና የምሯን ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ፈለቀች አቀፏት፤ "አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ይኼ ደግ እንባ ነው" አሏት።

ሲመሽ ጋሽ አደሴ ዘንድ ሄደች። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።"

"እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ነው ያሰኘሁሽ።"

"እሱን ነው እኮ!"

ዕድሩም ደግ ነገር አይጠፋበትም፤ ያረጀው ብረትና ገመድ ለልጆቹ እዚያው ቆሞ ይቅር ተባለ። ከሥሩ የሚነጠፈውን ሸራ የሺሐረግ ሰፍታ ሰጠች። የዮዲን እግር ግቢ ውስጥ አሁን የሚያቆመው የለም። ትናንት እንኳ ክርኗ ተልጦ እየሮጠች ገባች። እናቷ ቁስሉን አጠበችላት፣ "ተመስገን" ብላ ሳመቻት፣ በሩን ከፍታም መልሳ ላከቻት።