ያረፈው ትከሻ

ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ግራ እጃቸውን ያስቀድማሉ፤ የታመመውን ቀኝ እጃቸውን እንደተኛ ሕፃን ቀስ ብለው ያወጡታል። አዳማ ገበያ ሃያ ዓመት ሽንኩርት ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መዳፋቸው ግን ለስልሷል።

«እንዳሉኝ አርፌ ነው የመጣሁት፣ ዶክተር» አሉኝ። «ጆንያ ከነካሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሥራውን ለጎረምሶቹ ተውኩላቸው።»

አምና ሁለት ጊዜ ትከሻቸውን በጣቴ ዳብሼ በግምት መርፌ ወግቻቸው ነበር። አልሻላቸው ሲል «ስላላረፉ ነው!» ብዬ ተቆጣኋቸው። ዛሬ አልትራሳውንድ አለን። መርፌዋ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ገብታ መድኃኒቱ ጅማቱ ላይ ሲዘረጋ አየሁ። አምና የወጋሁበት ቦታ ከዚህ ሁለት ጣት ይርቃል።

እሳቸው ስክሪኑን አላዩም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ቢስሚላህ» ይላሉ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጃቸውን አነሱ፤ ከጆሯቸው አለፈ። ደግመው አነሱትና ጆንያ የሚቀበሉ ይመስል መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እውነትዎን ነው» አሉ፤ «ዕረፍት ነበር የጎደለኝ።»

ለአልትራሳውንዱ ትከሻቸው ላይ ከቀባሁት ጄል የቀረውን ጠረግሁ። ጄሉ ካለቀም በኋላ መጥረጌን አልተውኩም።