እጄን የጫንኩበት መኪና

ይህን ለሚስቴም ለፓስተራችንም ተንፍሼ አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ ግን አትዘኑልኝ።

ሰናይትን ያታለልኳት እኔ ነኝ። እዚህ ስቶክሆልም፣ ሃሉንዳ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የቤተክርስቲያናችን እህት ናት። ሄምሼንስት ተቀጠረች፤ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች ልትንከባከብ። ሥራው ያለ መኪና አይሆንም። እኔ ደግሞ ልገላገለው የቸኮልኩት አሮጌ መኪና ነበረኝ። መካኒኩ ሞተሩ ሲግል መንገድ ላይ ድንገት እንደሚጠፋ፣ እሱም ደጋግሞ ሞክሮ እንዳቃተው ነግሮኛል። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «የቤሲክትኒንግ ምርመራውን አልፏል እኮ እህቴ፣ ምንም የለበትም» አልኳት። የወንድም ቃል ነው ብላ ለሌላ ሰው እንኳ ሳታሳይ ገዛችኝ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናው መንገድ ላይ መቆም ጀመረ። ባትሪ ቀየረች፣ ቆመ። የነዳጅ ፓምፕ አስቀየረች፣ ቆመ። በረዶ ላይ ሆና ስትደውልልኝ ምን ማለት ነበረብኝ? «አውቅ ነበር» ማለት። እኔ ምን አልኩ? «እህቴ፣ ይሄ እኮ ውጊያ ነው። ጠላት ከሥራሽ ሊያፈናቅልሽ ነው፤ እንጸልይበት!»

የሞተሩን ብልሽት በሰይጣን አሳበብኩ! ኧረ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እሷ ግን አመነችኝ፤ ጾም ጸሎት ያዘች። አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹ መኪናውን ከበው ሲጸልዩ እኔም ኮፈኑ ላይ እጄን ጫንኩ። አዎ፣ እኔ። ኮፈኑ ገና ትኩስ ነበር። አፌን ሞልቼ ሰይጣንን ገሠጽኩ።

ከዚያ በኋላ ሰናይት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ከመሬት በታች ባለው የመኪና ዋሻ ስትነዳ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ይህን ራሷ ደውላ ነገረችኝ። ያኔስ ለምን አልተናገርኩም? ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ልትመሰክር መድረክ ላይ ወጣች። እያነባች «ጌታ ከሞት አፍ አወጣን» አለች። ቀጥላ ስሜን ጠራች። «በዚህ ውጊያ ሁሉ ከጎኔ ያልተለየኝ ወንድሜ፣ እስቲ ተነስ» አለችኝ። ጉባኤው እልል አለ። ተነሳሁ። «አሜን» አልኩ።

መኪናው ተጣለ፤ ልጁ መኪና ሲያይ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውንም ተወችው። ዛሬም ትጾማለች። «ጌታን ምን በድዬው ነው እንዲህ የሆንኩት?» ትለኛለች። እኔን ትጠይቀኛለች!

ይቅር አትበሉኝ። መጀመሪያ እሷ ምንም እንዳልበደለች ከእኔ አፍ ትስማ።