ከአባዬ ቁልፎች ስር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዲላ

ከዲላ ወደ ሬኮ የተነሳነው እኔና እማዬ ነን። እዚያ የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ እግሯ አልራመድ ብሏት ለአባዬ ቀብር ሳትመጣ ቀርታ ነበር። አምስት ወር በስልክ ሲላቀሱ ከረሙና እማዬ አንድ ቀን፣ በስልክ ማልቀስ ሰለቸኝ፣ ውሰጂኝ አለችኝ።

መኪናዋ የአባዬ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። እሱ ካረፈ ወዲህ ጠባይዋ ተበላሽቷል፤ ቁልፉን ሳዞር አንዳንዴ ትነሳለች፣ አንዳንዴ ጭጭ ትላለች። ባትሪ አስቀየርኩ፣ ገመድ አስጠበቅኩ፣ ያው ናት። ትዕግሥት ደግሞ እኔ ጋ የለም፤ ለደላላ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ከእማዬ ጋር ተስማማን፦ ይህን መንገድ ደርሳ ከመለሰችን እናስቀራታለን፤ መንገድ ላይ ካስቀረችን ሰኞ ትሸጣለች። እማዬ እያመማት እሺ አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔ መንገድ ላይ እንድታስቀረን ነበር የምፈልገው። የባሏን መኪና ልሸጥባት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን መሮኛል።

ቁልፉን ሰክቼ ልነሳ ስል፣ ቆዪ ብላኝ መዳፏን ከቁልፎቹ ስር ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። ቁልፎቹ እፍኝ ይሞላሉ፤ የግቢው በር፣ የቁም ሳጥኑ፣ አባዬ ርዕሰ መምህር ሳለ ይዞት የቀረ የመጋዘን ቁልፍ፣ ምን እንደሚከፍቱ የማናውቃቸውም አሉ። ከቀብሩ በኋላ እንዳይበተኑ ብላ ሁሉንም በመኪናው ቁልፍ ቀለበት ላይ የሰካቻቸው እሷ ናት። ጸልያ ስትጨርስ አዞርኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ አሜን አለች።

ወናጎ

ለአክስቴ ፍራፍሬ ልንይዝላት ቆምን። አንዱ አናናስ ሰማንያ ብር ነው ሲሏት እማዬ ወርዳ እያሸተተች፣ እያገላበጠች ታማርጥ ጀመር። እኔ መኪናዋን ጥላ ውስጥ ላስጠጋት ብዬ ቁልፉን ባዞር ጭጭ። ደግሜ አዞርኩ፣ ምንም የለም። የባጃጅ ሾፌሮች እየሳቁ ገፍተው አስነሱልን። እማዬ አናናሷን ታቅፋ ገባችና፣ ይቺኛዋ አትቆጠርም፣ አልጸለይኩም አለችኝ። ምን ይባላል?

ይርጋ ጨፌ ነዳጅ ቀድተን ስንጨርስ እማዬ ከጎኔ ናት፤ እጇን ዘረጋች፣ ጸለየች፣ መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ስር አብረው የበቀሉበት ዳገት ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን ቀዩን የአፈር መንገድ ስንይዝ አንገቴን አቅንቼ ነበር የምነዳው። አንድ ጥሩ ዝናብ ቢዘንብ ማንም መኪና ከዚህ ገፍቶ አያወጣም።

ሬኮ

አክስቴ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ስትጠብቀን ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቀሱት ለቅሶ፣ አምስት ወር የተጠራቀመ ነው። እኔም አባዬ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ነው በደንብ ያለቀስኩት። ከዚያ ቆጮ በጎመን በላን፤ አክስቴ አባዬ ሲስቅ ጉሮሮውን እንዴት ያደርግ እንደነበረ እያስመሰለች አሳቀችን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። እማዬ እህቷን ስትሰናበት እኔ ቀድሜ ገባሁ። አዞርኩ፤ ጭጭ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ደምቋል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ። ጠዋት የተመኘሁት ደረሰልኝ፤ ግን የእማዬን ፊት ሳይ ደስ አላለኝም።

አክስቴ ጎረቤቷን ጋሽ በራሶን አስጠራችው። በቡና ማጠቢያ ጣቢያው የመፈልፈያውን ሞተር የሚጠግን ሰው ነው። ገመድ የተቀጠለበት ትንሽ አምፖል ይዞ መጣ፤ ሞተሩን ከሚያስነሳው ከሞቶሪኖው ቀጭን ሽቦ ጋር አገናኘውና አዙሪ አለኝ። አምፖሉ አልበራም። ሞቶሪኖው ደህና ነው፣ ከቁልፉ የሚመጣው መብራት ነው የማይደርሰው አለ። ቀጥሎ ማንም መካኒክ ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፦

"ዛሬ እሺ ያለችሽ መቼ ነው? እምቢ ያለችሽስ?"

አስቤ ነገርኩት። እማዬ ስትጸልይ ትነሳለች፤ እማዬ ከሌለች አትነሳም። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

"እማማ፣ ይግቡና እንደ ጠዋቱ ይጸልዩ" አላት።

እማዬ ገብታ መዳፏን ከቁልፎቹ ስር ዘረጋች። ሳዞር አምፖሉ በራ፣ ሞተሩም ተነሳ። አጥፊ አለኝ፤ እማዬንም እጇን እንድታነሳ ለመናት። አዞርኩ፤ ጭጭ። ቀጥሎ እሱ ራሱ ቁልፎቹን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። ተነሳች።

"ቁልፉ ከብዷታል" አለ ቀስ ብሎ። ቁልፉ የሚገባበት ማስነሻ ውስጡ አርጅቷል፤ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ሲዞር ወደ ታች ይጎትተዋል፣ መብራት የሚያሳልፈው ቦታ ሳይነካ ይቀራል። ዲላ ስትገቡ ማስነሻውን አስቀይሩ፤ እስከዚያ ግን የመኪናው ቁልፍ ብቻውን ይግባ አለን።

እማዬን ማየት ፈራሁ። ጸሎቷን የነጠቅናት መሰለኝ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችን።

"ታዲያ እጄን እዚያ ያስቀመጠው ማን ይመስላችኋል?" አለች።

ጋሽ በራሶ ያን ጊዜ ሳቀ፤ አክስቴም።

የከበዳት ቁልፎቹን ማውጣት ነው። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ላግዝሽ ስላት እምቢ አለች። በጥፍሯ እየፈለቀቀች አንድ በአንድ አወጣቻቸው፣ በሻሽዋ ቋጠረችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የመኪናውን ብቻ ሰጠችኝ።

"አንድ ላይ ካሉ እሱም ያልተበተነ እየመሰለኝ ነው" አለችኝ።

ዝናቡ ሳይዝ ከአፈሩ መንገድ ወጣን።

ዲላ

ስንደርስ መሽቶ ነበር። እንደ ልማዴ የግቢውን በር ልከፍት ስል እማዬ ቀድማኝ ወረደች። ቋጠሮዋን ፈትታ፣ መፈለግ ሳያስፈልጋት የበሩን ቁልፍ ለየችና ከፈተችልኝ። አባዬ በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው በሩን ደግፋ ቆማ አስገባችኝ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ አምስት ወር መኪናዋን ስራገም፣ እናቴ ምን ተሸክማ እንደከረመች አልጠየቅኳትም። ደላላው ሰኞ ሲደውል አትሸጥም አልኩት።

ማስነሻውም ተቀይሯል፤ ቁልፉን ሳዞር ባንዴ ትነሳለች። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ወደ ሥራ ልሄድ ገባሁ። ቁልፉ አንድ ነው፣ የሚጎትተው ነገር የለም። ቢሆንም ከማዞሬ በፊት መዳፌን ከስሩ ዘረጋሁ።