በሞቴ ያላለችው አሠልጣኝ

የኮሌጅ ነገር ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ ይታሰብበታል ይላሉ፣ እኔ የማውቃቸው ወላጆች በሙሉ። ውሸት ነው። የኮሌጅ ነገር የሚጀምረው ዐሥረኛ ክፍል ባለቀ በጁን ወር፣ አባት በቁምጣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሳለ በሚጮህ ስልክ ነው። ቁምጣውን የለበስኩት እኔ ነበርኩ፤ ስልኩንም ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ ከማትሪክ ይጀምራል። ያደግነው አንድ ፈተና ሕይወትን በሚቆርጥበት አገር ነው። ከፈተናው በፊት ማንም አይፈልግህም፤ ከፈተናው በኋላ ውጤትህ ይናገርልሃል። ያንተ ድርሻ ዝም ማለት ነው። ይህን እምነት ከዲቪ ወረቀቴ ጋር ላስ ቬጋስ ይዤው ገባሁ፤ ኤርፖርት ላይ ማንም አልፈተሸኝም።

ልጄ መረብ ኳስ ትጫወታለች። አጭር ስለሆነች መረቡ ሥር አትቆምም፤ ሥራዋ ከኋላ ሆና ተጋጣሚ የጠለዘውን ኳስ መሬት ሳይነካ ማንሣት ነው። እዚህ አገር ኮሌጆች ጎበዝ ተጫዋች መርጠው በነፃ ያስተምራሉ፤ እሷም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ለኮሌጅ አሠልጣኞች የጨዋታዋን ቪዲዮ እያያያዘች ኢሜይል ትጽፍ ነበር። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም።

«የማይመልስልሽን ሰው ምን አስጨነቀሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ባባ፣ ሩል ነው። ከዐሥረኛ በኋላ ነው የሚያወሩኝ። እስከዛ አይችሉም።»

ሳቅኩባት። ብዙ ያነበበ ሰው በማያውቀው ነገር ሲስቅ በጣም ያምርበታል። ትክክል ግን እሷ ነበረች። ለእሷ ስፖርት አሠልጣኞቹ ዐሥረኛ ክፍል ያለቀበት ጁን እስኪጋመስ ድረስ ለተማሪ መመለስ ክልክላቸው ነው። እስከዚያ ቪዲዮ ያያሉ፣ ስም ይይዛሉ፣ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ሕግ ነበር፤ እኔ ንቀት መስሎኝ ነበር።

ያ ጁን የ2020 ጁን ሆነ። ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቷል። እኔ አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ፤ ተሳፋሪ ስለጠፋ ሺፍቴ በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ወርዷል። ልጄ መለማመጃ ስለሌላት ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከርር፣ ከጓሯችን የብሎኬት አጥር ጋር ትጫወታለች። ኳሱ አጥሩን ሲመታ፣ ደብ፣ ደብ፣ ሶፋዬ ድረስ ይሰማል።

ስልኩ የጮኸው በአንዱ እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ልጄ የአንድ ኮሌጅ ቅጽ ስትሞላ፣ የወላጅ ስልክ በሚለው ቦታ የእኔን አስገብታ ኖሯል። የደወለችው የዚያ ኮሌጅ አሠልጣኝ ነበረች።

«ከእሷ ጋር ከማውራቴ በፊት ለቤተሰቡ ሰላም ልበል ብዬ ነው» አለች። «ልጅዎ ግሩም ተጫዋች ናት።»

«ኧረ ገና ልጅ ናት» አልኩ።

«ያን ሁሉ ኳስ ስታነሣ አይተናታል እኮ!»

«ዕድል ነው። አንዳንዴ ይቀናታል።»

«በቪዲዮ ብንተዋወቅ ደስ ይለናል። በዚህ ሳምንት ይመቻችኋል?»

«አይ፣ አይቸገሩ። ኮሌጅ ለመግባት ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል።»

«ገባኝ» አለች። «ስላናገሩኝ አመሰግናለሁ።»

ይህን ሁሉ ስናወራ ደብ፣ ደብ ይሰማኛል። ከሶፋው እስከ ጓሮው በር ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

የሠራሁት ስሕተት አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ኮራሁ። ባደግኩበት ቤት ልጅህን ሲያመሰግኑልህ አሜን አይባልም፤ ዓይን እንዳይበላት ታሳንሳታለህ። ሲጋብዙህም መጀመሪያ በልቻለሁ፣ ቀጥሎ ጠግቤያለሁ ትላለህ፤ «በሞቴ!» ሲመጣ ነው እጅህን የምትታጠበው። ሴትዮዋ አንዴ ጋብዛለች፤ ሁለት ይቀራታል ብዬ ጠበቅኳት። ነገሩ እርግጥ እስኪሆን ብዬ ለልጄም አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጣ፣ ልጆቹን እዚሁ አስተምሮ የጨረሰ ሽማግሌ ነው። ባዶ ዊልቸሮች አጠገብ ቆመናል፤ የሚገፋ ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ኮሌጅ ስለ ልጄ ደውሎልኝ ነበር። እኔም እንደ ደንቡ አንገቴን ደፍቼ መለስኩ።»

«ስልክ ላይ አንገትህን ማን አየልህ?»

«መልሰው ይደውላሉ።»

ማስኩን ዝቅ አድርጎ ሳቀብኝ። «እኔ ለመጀመሪያ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ‹ብዙም አልችልም› አልኳቸው። አመስግነው ሸኙኝ። ይኸው እስካሁን እየጠበቅኳቸው ነው።»

«ታዲያ ይህን ቀደም ብለው አይነግሩኝም?»

«አንተ ደግሞ ያላነበብከው አለ እንዴ ብዬ!»

ቤት ስገባ መደወል ነበረብኝ። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ። ግን ጠግቤያለሁ ብሎ የወጣ ሰው እንዴት ተመልሶ በር ያንኳኳል? አፈርኩ። እፍረቴ ጁላይን በላ፣ ኦገስትን በላ።

በሴፕቴምበር አንድ ቀን ከሰዓት ልጄ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ሰመርሊን በሚባለው የሀብታም ሰፈር የምትኖር የክለቧ ልጅ፣ በእሷው ቦታ የምትጫወት፣ ለዚያው ኮሌጅ ልትጫወት ቃል ተሰጣጥታ ለጓደኞቿ አብሥራለች።

«እኔን ኮል እንኳ አላደረጉኝም፣ ባባ» አለች።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ያልኩትን አንድ በአንድ፣ ሳላስጌጥ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እውነት ጎበዝ አይደለሁም?» አለችኝ።

ስለ ኮሌጁ አልጠየቀችኝም። እኔም መልስ ጀመርኩ፤ ስለ ዓይን፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ግብዣ ሥርዓት ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። «ጎበዝ ነሽ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ከማብራሪያው ጎደሉ። እነሱን ስፈልግ እሷ ክፍሏ ገብታለች።

በማግስቱ ደወልኩ፤ ስላልተነሣ መልእክት ተውኩ። ስለ ልጄ የምለውን አድናቆት ወረቀት ላይ ጽፌ ነው ያነበብኩት። ሴትዮዋ በጨዋ ኢሜይል መለሰች፦ ለዚያ ቦታ በየዓመቱ አንድ ልጅ ብቻ እንወስዳለን፤ ሞልቷል፤ መልካም ዕድል።

ሌሎች ኮሌጆች ነበሩ። ግን በዚያ ዓመት አሠልጣኞች ተጉዘው ተጫዋች ማየት ተከልክለው ነበር፤ የእሷም ውድድር በመዘጋቱ የምትልከው አዲስ ቪዲዮ አልነበረም። ኢሜይሎቿ እየሳሱ ሄዱ። በ2021 ክረምት፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ስትል፣ «እዚሁ ከተማ እማራለሁ፣ ኳስ ይቅር» አለችኝ። በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር። የብሎኬቱ አጥር ላይ ኳሱ ያተመው ክብ ክብ ምልክት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ጸጥ ይላል።

ይህን የምታነበው ወላጅ፣ ባህል ነው ብለህ ልታጽናናኝ አትድከም። ስልኩ ሲጮህ ከሶፋህ ተነሥና ለልጅህ ስጣት። ከመስጠትህ በፊት ግን፣ እሷ እየሰማች፣ ጎበዝ ናት በል።